ለእትዬ አሰገደች የተጠበቀው ወንበር

አንድ የመጋረጃ ነጋዴ በአንድ ትልቅ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ አጥናፉ ይባላል። ሱቁ ሰፊ፣ ደንበኛው ብዙ፣ ጤናውም ደህና ነው። ላየው ሰው የጎደለው ነገር ያለ አይመስልም፤ ሰውዬው ግን እህቱ ትናፍቀው ነበር። ታላቅ እህቱ አሰገደች የምትኖረው ከከተማው ርቃ፣ አስፋልቱ ካበቃ በኋላ በምትገኝ አንዲት ትንሽ የገበያ መንደር ነው። እናትና አባታቸው በተከታታይ ሲሞቱ አጥናፉ ገና ጡት የጣለ ሕፃን ነበር። አሰገደች ራሷ ልጅ ሆና አዝላ አሳደገችው፤ የሰው ልብስ እያጠበች አስተማረችው፤ እሱን ትቼ አልሄድም ብላ ትዳር ሳትይዝ ቀረች። ዛሬም እናትህ ማን ናት ብለው ቢጠይቁት የሚጠራው የእሷን ስም ነው።

ቀድሞ በየበዓሉ በአውቶቡስ እየሄደ ይጠይቃት ነበር። አንድ ጊዜ ለፋሲካ ሲሄድ ቤቱ በጎረቤት ሞልቶ አገኘው። ከመካከላቸው አንዲት አፏ የማያርፍ ሴት ከእግር እስከ ራሱ አየችውና አሰገደችን፣ «ወንድሜ ትልቅ ነጋዴ ሆኗል ስትይን አልነበር? እኛ እኮ መኪና ይዞ ይመጣል ብለን ነበር» አለቻት። ሴትዮዋ ይህን ብላ ወዲያው ሌላ ወሬ ጀመረች። አጥናፉ ግን እህቱ አንገቷን ስትደፋ አይቷል። ያን ቀን በልቡ፣ «ሁለተኛ እንዲህ ሆኜ አልመጣም። የምመጣው መኪና ይዤ ነው፤ ያውም አገር የሚያወራለት መኪና። እትዬን ከጎኔ አስቀምጬ በመንደሩ መሐል አሳልፋታለሁ» ብሎ ማለ። ይህ መሐላ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ትንሽ ኩራት ግን ተቀላቅሎበታል።

ከዚያ በኋላ አጥናፉ እግሩን ከመንደሩ ሰበሰበ። እህቱ ደውላ «መቼ ትመጣለህ?» ስትለው «ትንሽ ታገሺኝ እትዬ፤ ስመጣ አላሳፍርሽም» ይላታል። እሷ መቼ እንዳፈረችበት አይገባትም፤ ቢሆንም «እሺ» ትለዋለች። እሱም ጋቢ ይልክላታል፣ ጫማ ይልክላታል፣ ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ የክረምት ብርድ ልብሱን በሰው በሰው ይልክላታል። ያልላከው ራሱን ብቻ ነበር።

በመጨረሻ መኪናዋ መጣች። ጥቁር ናት፤ ወደ መሬት ዝቅ ያለች፣ በሮቿ ሲዘጉ ድምፅ የማያሰሙ፣ መሪዋ በቆዳ የተለበጠ ቅንጡ የቤት መኪና። ፊት ለፊቷ ሰፊ ስክሪን አላት፤ መንገድ ያሳያል፣ ይዘፍናል፣ ያወሩት እንደሆነም ይመልሳል። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ከበባት። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው «የደስታ መመላለሻ ያድርግልህ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርልህ» ብለው መረቁት። ወንበሮቿ ከፋብሪካ ሲወጡ የለበሱትን ላስቲክ እንደለበሱ ነበሩ። ሚስቱ ወይንሸት የፊቱን በር ከፍታ ልትቀመጥ ስትል አጥናፉ እጇን ያዛት።

«እዚያ አይደለም» አላት። «ይሄ ወንበር የእትዬ ነው። ላስቲኩን የምትገፍፈው እሷ ናት። ከእሷ በፊት ማንም አይቀመጥበትም።»

ወይንሸት ደግ ሴት ስለሆነች ስቃ ኋላ ተቀመጠች። የሰፈሩ ቀልደኞች ግን «አጥናፉ ሚስቱን ሚኒስትር አድርጎ ራሱ ሾፌር ሆነ» እያሉ ሲስቁ ከረሙ።

ወደ እህቱ ሊነሳ በተዘጋጀበት ሳምንት ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በራች። ደንግጦ ጋራዥ ወሰዳት። ባለሙያው ኮምፒውተሩን ሰክቶ ብዙ ከመረመረ በኋላ «ሞተሯ ምንም አልሆነም፤ አንድ ሴንሰር ነው» አለው።

«ታዲያ ትሄዳለች?»

«መሄዱንስ ትሄዳለች። መብራቱ ግን አይጠፋም። መለዋወጫው ከውጭ መምጣት አለበት።»

አጥናፉ መብራት እየበራበት እህቱ ደጅ መድረስ አልወደደም። ሕልሙ ሙሉ ነበር፤ እንከን አይፈልግም። መለዋወጫው እስኪመጣ ጠበቀ። መጣ፣ መብራቷም ጠፋች። ብዙ ሳይቆይ ስክሪኑ ጠቆረ። ስክሪኑ ሲጠቁር ማቀዝቀዣውም ሬዲዮውም አብረው ሄዱ፤ መኪናዋ ዘመናዊ ስለሆነች በእጅ የሚዞር ነገር የላትም፣ ሁሉም በስክሪኑ ላይ በጣት ነው። ሲነቃም ቋንቋውን ቀይሮ በሰፈሩ ማንም በማያነበው የባዕድ ፊደል ተነሳ። እሱ ተስተካከለ ሲባል ደግሞ የመንገድ ጉድጓድ ጎማዋን በላት። ጎማዋ ለውበት ተብሎ የቀጠነ ነውና ቸርኬው አብሮ ተጣመመ። በየሰፈሩ ሰው እንደፈቀደው በሲሚንቶ የሚሠራው ጉብታ ሆዷን ይፍቃታል። አህያ ፊቷ ብቅ ካለ ሳትጠየቅ ፍሬን ይዛ ቀጥ ትላለች፤ ከኋላ የሚመጣው የታክሲ ሾፌርም በመስኮት ብቅ ብሎ አጥናፉን የሚለውን ይለዋል። አህያ የማያልፍበት መንገድ ከየት ይመጣል?

አጥናፉ እያንዳንዱን ብልሽት በትዕግሥት አስጠገነ። አንዱ ጥገና ገናን በላ፣ ሌላው ፋሲካን። እሱም መኪናዋን እንጂ በዓሉን አልቆጠረም።

አንድ ቀን አሰገደች ደወለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር።

«ልጄ፣ ዓይኔ እየደከመ ነው» አለችው።

«እዚህ አምጥቼ አሳክምሻለሁ እትዬ።»

«ከእናንተው ከተማ የመጡ ሐኪሞች አይተውኛል። የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብለውኛል። እኔ ሕክምና አይደለም የፈለግሁት። ብርሃኑ ሳያልቅ ፊትህን አንዴ ልየው።»

«አሁኑኑ ፎቶ ልላክልሽ?»

«ፎቶህ ሞልቶኛል። ፎቶ ሲጠሩት አቤት አይልም።»

«ለመስቀል እመጣለሁ» አላት። «መኪናዋ በዚህ ሰሞን ከጋራዥ ትወጣለች። እንዳመጣኋት አንቺን ይዤ ነው የምዞረው።»

አሰገደች «እሺ፣ እንደ ቀናህ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

መኪናዋ ከጋራዥ ወጣች፤ ተመልሳም ገባች። አሁን ደግሞ በሩ ተከፍቷል እያለች በተዘጋ በር ትጮኻለች። በዚያ መሐል ከጋራዡ ስትመለስ አጥናፉ ከሱቅ ገብቶ እደጃፉ ያቆማትና ከውስጧ አይወርድም ነበር። ሞተሯን አጥፍቶ ከጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር እያየ ይቀመጣል። እህቱ እዚያ የተቀመጠች ይመስለዋል። ነጠላዋን ስታስተካክል፣ መስኮቱን እንዴት እንደሚከፍቱት ስትጠይቀው፣ በሕፃንነቱ አዝላው ታንጎራጉረው የነበረውን ዜማ ስታንጎራጉር ይታየዋል። ናፍቆቱ በጣም ሲጠናበት እጁን ላስቲኩ ላይ ያሳርፋል። ላስቲኩ ቀዝቃዛ ነው።

አንድ ምሽት ወይንሸት መጥታ መስኮቱን አንኳኳች። «ናፍቀሃታል፣ ናፍቃሃለች። ለምን በአውቶቡስ ሄደህ አታያትም?» አለችው።

«በዚህች መኪና ካልሆነ አልሄድም ብዬ ቃል ገብቻለሁ።»

«ለእሷ ነው ቃል የገባኸው?»

አጥናፉ ዓይኑን ወደ ባዶው ወንበር መለሰ። ወይንሸትም ነገሩን አላከረረችውም፤ ራቱ እንዳይቀዘቅዝ ነግራው ገባች።

መስቀል አለፈ። ሜዳው አደይ አበባ ለብሶ ሰንብቶ ተመልሶ ተራቆተ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መኪናዋ ያለ አንዳች መብራትና ጩኸት ከጋራዥ ወጣች። አጥናፉ በዚያው ሳምንት አሳጥቦ፣ አስወልውሎ፣ ማልዶ መንገድ ጀመረ። በአስፋልቱ ላይ መኪናዋ ልክ እንደተባለላት ነበረች። ድምፅ የላት፣ መንገጫገጭ የላት። አጥናፉ እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም። ለእህቱ መጀመሪያ ምን እንደሚላት፣ በሩን እንዴት እንደሚከፍትላት፣ ላስቲኩን አብረው እንዴት እንደሚገፍፉት ብቻውን እያወራ ሄደ።

አስፋልቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው የተቆለለ ድንጋይና ጎርፍ የቦረቦረው መንገድ ነው። አጥናፉ ትንፋሹን ይዞ ቀስ ብሎ ገባ። ጥቂት እንደሄደ አንድ ድንጋይ ሆዷን መታት። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ መኪናዋ ለራስህ ደኅንነት ነው ብላ ሞተሯን አጠፋች። ቢለምናትም አልተነሳችም። ጋራዥ ሲደውል «ጎታች መኪና እንልካለን፤ ነገ ይደርሳል። ዕቃ እንዳይፈቱባት ከአጠገቧ አይራቁ» አሉት። አጥናፉም እሺ ብሎ ገብቶ ተቀመጠ። ነገ ተጎትታ ትሄዳለች፤ ትጠገናለች፤ በሚቀጥለው በዓል እመለሳለሁ ብሎ ማሰብ ጀምሮ ነበር።

በዚያ ሰዓት እህል አራግፎ የሚመለስ አንድ ባለጋሪ መጥቶ ፈረሱን ገታ። ጎልማሳ ሰው ነው። «ጌታው፣ ወዴት ነበር መንገድዎ?» አለው።

«አሰገደች የምትባል ሴት ቤት።»

ባለጋሪው ትንሽ አሰበና «ዓይነ ስውሯ አሰገደች?» አለ።

አጥናፉ በሩን ከፍቶ ወረደ። እህቱ በዚህ ስም ስትጠራ ሰምቶ አያውቅም። ብርሃኑ ጨርሶ መሄዱን በስልክ ሲያወሩም አልነገረችውም። የመኪናዋን በር ይቆልፍ አይቆልፍ ሳያስተውል ጋሪው ላይ ወጣ። ባለጋሪውም ሰው ሲከፋው ያውቃልና በመንገዱ ሁሉ ምንም አልጠየቀውም።

አሰገደች በደጇ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ትሪዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠጠሩን በጣቶቿ እየዳበሰች ታወጣለች። የእግር ኮቴ ስትሰማ ቀና አለች፤ ፊቷ የዞረው ግን እሱ ወደቆመበት አልነበረም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ጣቶቿ ቆሙ። ትሪውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና ሁለት እጆቿን ዘረጋች። አጥናፉ ተንበረከከላት። ግንባሩን ዳበሰችው፣ ቅንድቡን፣ ጉንጩን፣ አገጩን። ጠጉሩ ላይ ስትደርስ እጇ እዚያው ቆየ።

«ሸብተሃል?» አለችው።

«አዎ እትዬ፣ ሸብቻለሁ።»

«ሽበትህን ሳላየው ቀረሁ» አለች።

ይህን ስትል አላለቀሰችም። ያለቀሰው እሱ ነው። ጭኗ ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅነቱ አለቀሰ፤ ልቅሶው ትንሽ ሲበርድለት «መኪና ገዝቼልሽ ነበር» አላት። «የፊቱን ወንበር ላስቲኩን እንኳ ሳልገፍ ለአንቺ ጠብቄው ነበር። ሚስቴን እንኳ አላስቀመጥኩበትም። እየተበላሸችብኝ እኮ ነው እትዬ፤ እመጣለሁ ስል ትበላሻለች፣ እመጣለሁ ስል ትበላሻለች።»

አሰገደች ራሱን እያሻሸች «ደግ አደረግህ ልጄ፣ እንኳን ገዛህ» አለችው። «አሁን የት አለች?»

«ከአስፋልቱ ማብቂያ ቆማ ቀረች።»

«ታዲያ በምን መጣህ?»

«በጋሪ።»

አሰገደች እጇን ከራሱ ላይ አላነሳችም። ያለ ቁጣ፣ ነገሩ ገና አሁን እንደገባት ሰው ቀስ ብላ፣

«ጋሪው እኮ ድሮም ነበረ» አለችው።

ወገኖቼ፣ አጥናፉ ክፉ ሰው አልነበረም። ቅንጡ መኪና መመኘትም ኃጢአት አይደለም፤ ያለው ይግዛ፣ ይንዳ፣ ቢበላሽበትም ያስጠግን። የአጥናፉ ጥፋት ናፍቆቱን ለመኪናዋ አሳልፎ መስጠቱ ነው። መኪናዋ ደህና ስትሆን ይናፍቃል፣ ስትበላሽ ደግሞ ናፍቆቱ ጋራዥ ይገባል። እኛም ከእሱ የተሻልን አይደለንም። ቤቴ ሲያልቅ እጠራቸዋለሁ፣ ሥራዬ ሲቃና እጠይቃቸዋለሁ፣ ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ እያልን የምንወዳቸውን ሰዎች ደጅ ላይ እናስቀምጣለን። እነሱ የሚጠብቁት እኛን ነው፤ እኛ ግን የምንመጣበትን እናሳምራለን። የሚያሳዝነው፣ ይህን ሁሉ የምናደርገው ስለምንወዳቸው መሆኑ ነው። ፍቅራችን እውነት ስለሆነ ጊዜው የሚጠብቀን ይመስለናል፤ ጊዜው ግን አይጠብቅም፤ የእነሱ ዓይን ይደክማል፣ የእኛ ጠጉር ይሸብታል።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ እስቲ ስልካችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ሰው አስቡ። «ፊትህን ልየው»፣ «ፊትሽን ልየው» ያላችሁ ማን ነበር? የመለሳችሁለትስ ምን ብላችሁ ነው?