ልብስ ሰፊው የጣለው ዓሣ

አንድ ልብስ ሰፊ በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለች ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ጣሂር ነው። መርፌና ክር ሲይዝ የሚተካከለው አልነበረም፤ መንጠቆና ገመድ ሲይዝ ግን ባሕሩ ፊቱን ያዞርበታል። ከሁለት ጓደኞቹ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ከበራኺና ከባለጀልባው ከሸሪፍ ጋር ለዓመታት ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቷል። እነሱ ዘንቢላቸውን ሞልተው ይመለሳሉ፤ እሱ ፀሐይ ጠግቦ ይመለሳል።

ይህን ከማንም በላይ የሚያነሡበት አማቱ ሐጂ ኑረዲን ነበሩ። በገበያው መግቢያ ላይ የቅመም ሱቅ ስላላቸው ከባሕር የሚመለስ ሁሉ በፊታቸው ያልፋል። ጣሂር ባዶ እጁን ሲያልፍ፣ «ልጄን ለዓሣ አጥማጅ አልሰጥም ብዬ ነበር፤ ይኸው ቃሌን ጠብቄያለሁ!» ይሉና ገበያተኛውን ያስቁበታል። ጣሂርም አብሮ ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ሚስቱን፣ «አንድ ቀን ለአባትሽ አሳያቸዋለሁ» ይላታል።

በአንድ የበዓል ዋዜማ ሦስቱ ጓደኛሞች ማልደው በሸሪፍ ጀልባ ከወደቡ ራቅ ወዳለ ዐለታማ ቦታ ሄዱ። ፀሐዩ መክረር ሲጀምር የጣሂር ገመድ በድንገት ተወጠረ።

«ድንጋይ ይዞብሃል፤ በጥሰው» አለው በራኺ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ።

«ድንጋይ አይጎትትም!» ብሎ ጮኸ ጣሂር።

እውነቱን ነበር፤ ገመዱ እሱን ራሱን ይዞት ሊሄድ ነው። በራኺ ዘሎ ወገቡን ያዘው፤ ሸሪፍም ገመዱ እንዳይበጠስ ጀልባዋን ወዲያና ወዲህ ያዞር ጀመር። የጣሂር መዳፍ ተላጠ፤ እሱ ግን አልለቀቀም። ብዙ ከታገሉ በኋላ ተረዳድተው ያወጡት ዓሣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ነበር። ሸሪፍ ባሕር ላይ ያደገ ሰው ነው፤ ዓሣውን ትክ ብሎ አየና፣ «እኔም እንዲህ ያለ ይዤ አላውቅም» አለ። ያኔ ሦስቱም ተቃቅፈው እንደ ልጅ ጨፈሩ፤ ጀልባዋ ልትገለበጥ ምንም አልቀራትም።

ጣሂር ዓሣውን በእርጥብ ጆንያ ሸፈነና ከአጠገቡ ተቀመጠ።

«በጋሪ አላስጭነውም» አለ። «በትከሻዬ ተሸክሜ በሐጂ ሱቅ ፊት ነው የማልፈው።»

«ብቻህን አትችለውም» አለው በራኺ።

«እየወደቅኩ እየተነሣሁ አልፋለሁ። እንዲያውም ሱቁ ፊት ብወድቅ ይሻላል፤ በደንብ ያዩታል።»

እየሳቁ ወደ ወደቡ ሲመለሱ ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉም ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር የፍየሎች ጩኸት ሰሙ። በራኺ፣ «በባሕር ላይ ፍየል?» ብሎ ሳይጨርስ አንዲት አሮጌ የመቅዘፊያ ጀልባ ታየቻቸው። ግማሿ ውኃ ሞልቶታል። አንዲት አሮጊትና አንድ ሽማግሌ ውኃውን በድስት እየቀዱ ይደፋሉ፤ በመካከላቸው አምስት ፍየሎች ተጨናንቀው ይጮኻሉ።

አሮጊቷ እማማ ዘሃራ ይባላሉ፤ ሽማግሌው ወንድማቸው ናቸው። እማማ ዘሃራ የሚኖሩባት ደሴት የውኃ ጉድጓድ ስለደረቀ ያላቸውን ሁሉ፣ ማለትም ፍየሎቻቸውን ይዘው ወደ ወንድማቸው መንደር እየተሻገሩ ነበር። መንገድ ላይ የጀልባዋ ወለል ተሰነጠቀባቸው።

ሦስቱ ጓደኛሞች ሁለቱን ሰዎች ወደ ራሳቸው ጀልባ አሻገሩ። ከዚያ ሦስት ፍየሎች አከታተሉ። የሸሪፍ ጀልባ ከበዳት። ሸሪፍ የመልሕቁን ድንጋይ ጣለ፤ በራኺ የውኃውን ጀሪካን ወረወረ፤ ቀጥለው ሁለቱም የያዙትን ዓሣ ከነዘንቢሉ ባሕር ውስጥ ደፉት። ጆንያውን ግን እያዩ እንዳላዩ ሆኑ። አሁንም የጀልባዋ ጠርዝ ከውኃው ከፍ የሚለው በስንዝር ብቻ ነበር።

«ይቅር ይበሉን እናቴ» አለ ሸሪፍ። «ሁለቱን መጨመር አንችልም።»

እማማ ዘሃራ የቀሩትን ሁለት ፍየሎች አዩ። የሚታለቡት እነሱ ነበሩ፤ ኑሯቸው በእነሱ ወተት ነው።

«ሰው ይቅደም፣ ልጆቼ። ሂዱ» አሉ። «እኔ ግን ሲሰምጡ ማየት አልችልም።» ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና ወደ ጉልበታቸው ጎነበሱ።

በራኺ ወደ ጣሂር ተጠግቶ፣ «ዓሣውን በገመድ አስረን ብንጎትተውስ?» አለው በሹክሹክታ። ሸሪፍ ማዕበሉን አየና እንደማይሆን ራሱን ነቀነቀ።

ጣሂር የተላጠ መዳፉን ተመለከተ። አማቱን፣ ገበያውን፣ «አንድ ቀን» ያላት ቀን ዛሬ መሆኗን አሰበ። ከዚያ ጆንያውን ገፈፈው።

«አንሡ» አለ።

ሦስቱ አነሡት። ዓሣው ባሕሩ ላይ ሲወድቅ ትልቅ ድምፅ ሆነ። እማማ ዘሃራ ፍየሎቻቸው የተጣሉ መስሏቸው አቃሰቱ። ጥቂት ቆይቶ አንድ እርጥብ አፍንጫ ጆሯቸውን ሲነካቸው ሻሹን ገለጡ፤ አምስቱም ፍየሎች አጠገባቸው ናቸው።

«ታዲያ የወደቀው ምንድን ነው?»

«ትርፍ ዕቃ ነው፣ እናቴ» አለ ጣሂር።

ጀልባዋ በእግሩ እንደሚሄድ ሽማግሌ ቀስ እያለች ተጓዘች። አንዷ ፍየል እስከ ወደቡ ድረስ የጣሂርን እጅጌ ስታኝክ መጣች። ሦስቱ ወዳጆች እንግዶቹን ለማድረስ ፍየል እየጎተቱ ገበያው መግቢያ ሲደርሱ ሐጂ ኑረዲን ከሱቃቸው ወጡ።

«እናንተ ሰዎች ኑ እዩ!» ብለው ተጣሩ። «አማቼ ዛሬ ቀንቶታል! ባሕር ውስጥ ፍየል አጥምዶ መጣ!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። በራኺ ግን መታገሥ አቃተው።

«ሐጂ፣ ዛሬስ አይሳቁ! ይህ ሰው የያዘውን ዓሣ ቢያዩት ኖሮ...»

ጣሂር እግሩን ረገጠው። ነገር ግን እማማ ዘሃራ ሰምተው ነበር። ቆሙ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ የወደቀው ዓሣህ ነበር? ለእኔ ፍየሎች ብለህ ነው? ትልቅ ነበር?»

ገበያው ሁሉ መልሱን ለመስማት ተጠጋ። ሐጂ ኑረዲንም እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጠበቁ።

«ኧረ ትንሽ ነበረች፣ እናቴ» አለ ጣሂር። «ለድመትም አትበቃም።»

እማማ ዘሃራ ፊታቸው ፈካ፤ መርቀውት መንገዳቸውን ቀጠሉ። ገበያው ሌላ ዙር ሳቀበት።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ሸሪፍ የሆነውን ሁሉ ለሐጂ ኑረዲን ነገራቸው። ሐጂ በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ሄዱ።

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሳፌዝብህ ለምን ዝም አልክ?»

ጣሂር ስፌቱን አቁሞ፣ «ብናገር ዓሣው ትልቅ ይሆን ነበር፣ አባባ» አላቸው። «ሴትዮዋ ግን ያንሱ ነበር። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ።»

ሐጂ ኑረዲን የአማቻቸውን የተላጠ መዳፍ ገልብጠው አዩ። ከዚያ ለቀልድ የማያንሱ ሰው ናቸውና፣ «በሚቀጥለው ስትወጡ እኔም አብሬ እመጣለሁ» አሉ። «በግ የሚያዝበትን ቦታ ካወቃችሁ ይበልጥ ደስ ይለኛል።» አማትና አማች ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ሳቁ።

ወዳጆቼ፣ ለተቸገረ ሰው እጁን የሚዘረጋ ብዙ ነው። የዘረጋውን እጅ መጠን የማይለካ፣ ውለታውን በተቀባዩ ትከሻ ላይ የማይጭን ግን ጥቂት ነው። ስጦታ ሙሉ የሚሆነው የተቀበለው ሰው ቀና ብሎ መሄድ ሲችል ነው። ለሌላው ብለን የተውነው ትልቅ ነገር ይኖረን ይሆናል፤ ያ ሰው ፊት ለፊታችን ቆሞ «ትልቅ ነበር?» ብሎ ቢጠይቀን፣ እኛስ ምን ብለን እንመልስለት ይሆን?