ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት ግንድ

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ነበረ። በሬው ዳልቻ ይባላል። ከጎረቤቱ በሬ ጋር እያቀናጀ ያርሳል፤ ዳልቻ ከሌለ እርሻ የለም፣ እርሻ ከሌለ ደግሞ ለሚመጣው ዓመት የሚበላው የለውም። ሰውየው ታታሪ ነው፣ ክፋት አያውቅም፤ ችግሩ፣ ሳያረጋግጥ እጁን አያነሣም። ሚስቱ ከመሰልቸቷ የተነሣ ስሙን ትታ «ልክ ባይሆንስ» እያለች ትጠራው ነበር።

በዘር ሰሞን፣ በአንድ የበዓል ቀን፣ ዳልቻ ውሃ ሊጠጣ ወርዶ ማጥ ውስጥ ገባና እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ገበሬው ጮኸ። ከማኅበር የሚመለሱ አምስት ሽማግሌዎች ደረሱለት፤ ሁሉም አዲስ የታጠበ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። በማጡ ዳር ከወደቀ ግንድ ላይ በዕድሜያቸው ተራ ተደርድረው ተቀመጡና ነገሩን መመርመር ጀመሩ።

ትልቁ ሽማግሌ፣ «በቀንዱ አስረህ ጎትት» አሉት። አሰረ። ሁለተኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አንገቱ ይቀጫል፤ በጭራው በኩል ነው እንጂ» አሉ። ፈትቶ ከጭራው አሰረ። ሦስተኛው፣ «ጭራው ተነቅሎ እጅህ ላይ ይቀራል፤ ሣር አንጥፍለት» አሉ። ሮጦ ሣር አጭዶ ሲመለስ አራተኛው፣ «ሣር ካየማ ይተኛበታል» አሉትና ሣሩን ታቅፎ ቆመ። አምስተኛው ደግሞ ጭቃ እንዳይነካቸው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ነበር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የአምስቱም ሐሳብ እዚያው ጋቢው ላይ ነበረ።

ዳልቻ እስከ ሆዱ ገባ። ምክሩ ቀጠለ። ዳልቻ እስከ ትከሻው ገባ።

«አባቶቼ፣ ቁርጡን ንገሩኝ። የትኛው ነው ልክ?» አለ ገበሬው ላብ እያጠመቀው።

«አትቸኩል ልጄ፤ ገና አልጨረስንም» አሉት ትልቁ።

በሬው አንገቱን ቀና አድርጎ ጌታውን አየው። ገበሬው የትኛው ልክ እንደሆነ ዳልቻ ጨርሶ ከመስመጡ በፊት እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባው። የበሬውን ሆድ ከፍ የሚያደርግበት ነገር ፍለጋ ዙሪያውን ቢቃኝ፣ በአካባቢው ያለው ግንድ አንድ ብቻ ነው።

«ይቅርታ አባቶቼ» አለና ግንዱን ከመቀመጫቸው ሥር መነጨቀው።

አምስቱም ተንከባለው ማጡ ውስጥ ገቡ። ገበሬው ዞር ብሎ እንኳ ሳያያቸው ግንዱን ከበሬው ሆድ ሥር ወትፎ ወደ ላይ ቢለው፣ ግንዱ ለካ የበሰበሰ ኖሮ ለሁለት ተሰበረ። ሽማግሌዎቹ ግን አንዴ በጭቃ ተለውሰዋል፤ ከእንግዲህ የሚጠብቁት ጋቢ የላቸውም። ትልቁ እየተራገሙ ቀንዱን ያዙ፣ ሁለተኛው ጭራውን፤ የቀሩት ጎኑን በትከሻቸው ደገፉ፤ ገበሬውም ከሥር ገፋ። ዳልቻ አጓራና ወጣ። ጥቂት ቀን አነከሰ፤ በሳምንቱ አረሰ።

ሽማግሌዎቹ ጭቃቸውን እንኳ ሳያራግፉ፣ ስለ ግንዱ አስቀድሞ የመከረው ማን እንደሆነ ይከራከሩ ጀመር።

እንግዲህ ልጄ፣ አንተም «ቤቴ ዘሟል፤ ልደግፈው ወይስ አፍርሼ ልሥራው? ልኩ የትኛው ነው?» አልኸኝ። ከእኔ በፊት አራት ሰው ጠይቀሃል። እኔ አምስተኛው ነኝ፤ ይኸው ጋቢዬን እየሰበሰብሁ ነው። ዝናቡ ገብቷል፣ ልጆችህም እዚያው ቤት ውስጥ ይተኛሉ። ልኩን እኔም አላውቀውም። ያ ገበሬም አላወቀም፤ የመዘዘው ግንድ እንኳ ተሰብሮበታል። ግን እሱ ባይጀምር ኖሮ ማንም ጭቃ ውስጥ አይገባለትም ነበር።

ይህ የተቀመጥህበት ግንድ ለድጋፍ የሚሆን ይመስለኛል። ይሰበር እንደሆነ አላውቅም፤ ስለዚህ ልጆቹን አስቀድመን እናወጣለን። በል ተነሥ፤ አንተ በዚያ ጫፍ ያዝ፣ በዚህኛው እኔ አለሁ።