የሰንጋው ምስጋና

ፊታውራሪ ይናዱ ሁዳዴን ሙሉ ሥጋ ስላልቀመሱ ብቻ ለከብት ሁሉ አዛኝ የሆኑ ይመስላቸው ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ለፋሲካ የሚቀለበው ሰንጋ እምቧ ባለ ቁጥር «ሰማችሁ? እያመሰገነኝ እኮ ነው!» ይላሉ።

አንድ ቀን ሣር ተሸክማ የመጣች ባልቴት ይህን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት።

«ምን ያስገለፍጥሻል?» ብለው ጮኹባት። «በይ ተናገሪ፤ አዛኝ ነኝ ወይስ አይደለሁም? አይደሉም ካልሽ ትገረፊያለሽ። ነዎት ካልሽ ደግሞ ያንቺም ወይፈን እዝነቴ ይድረሰው፤ አምጪና ከዚህ ሰንጋ ጎን ይታሰር።»

የሴትዮዋ ሀብት ያ ወይፈን ብቻ ነው። ሸክሟን አወረደችና ለጥ ብላ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ እኔ ምን አውቄ! አመስጋኙ እሱ ነው። እስቲ ገመዱን ያስፈቱለትና ምስጋናውን ይዞ ወዴት እንደሚሮጥ እንየው።»