ያልተነገረው ውሃ

አንድ ሰው ነበር፣ ወገኖቼ። ከሆሳዕና ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ የሚኖር፣ ከድንጋይ ጠራቢነት ተነስቶ ተቋራጭ የሆነ ሰው። ሀንዲሶ ይባላል። እሱ የሠራው ግንብ አይዛነፍም እየተባለ ይወራለት ነበር፤ እሱም ወሬውን ይወደው ነበር። ማን አይወድም?

ታዲያ ይህ ሰው ትልቅ ሥራ አገኘ። የከተማዋ ጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል ሊሠራለት ነውና ጨረታውን አሸነፈ። ምጥ የያዛቸው እናቶች እስከዚያ ድረስ በቃሬዛ ወደ ሆሳዕና ነበር የሚወሰዱት። ሀንዲሶ ውሉን ሲፈርም ሰው አጨበጨበለት።

ሥራው ሳይጀመር ለአካባቢው ተቋራጮች ስለ መደበኛ የግንባታ ውሎች ሥልጠና ተሰጠ። ያስተማረችው ኢንጂነር ፀዳለ ናት፤ የማዋለጃውን ሥራ የምትቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስም እሷው ነበረች። ሀንዲሶ ሄደ፤ ተቀመጠ፤ እስከ ሻይ ዕረፍት ታገሠ። ከዚያ ጃኬቱን አነሳ።

«ጋሽ ሀንዲሶ፣ ዋናው ነገር እኮ ገና ነው» አለችው በሩ ላይ።

«ልጄ፣ እኔን ሲሚንቶው ይጠብቀኛል። ይሄ የወረቀት ሰዎች ነገር ነው» ብሏት ሄደ።

መሠረቱ መቆፈር ጀመረ። አንድ ጠዋት፣ በስተጀርባ ባለው ማዕዘን፣ ከጉድጓዱ ሥር ውሃ ብቅ አለ። ጥቂት ነው፤ ግን አይደርቅም። በፕላስቲክ ባልዲ ይቀዱታል፤ ተመልሶ ይሞላል። ፎርማኑ ወርቅነህ ጉድጓዱን አየ፤ ሀንዲሶን አየ።

«ለኢንጂነሯ ብንደውልላትስ?»

«ምን ልትለኝ? መሬት የማያውቅ ተቋራጭ ልባል? ድንጋይ ሙላበት።»

ሞሉበት። አርማታ አፈሰሱበት። ውሃው ከዓይን ጠፋ።

ፀዳለ ለቁጥጥር ስትመጣ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰች። ከዚያም ቆም ብላ፣ «በቁፋሮው ጊዜ ያልጠበቃችሁት ነገር ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

አስቡት፣ ወገኖቼ። ጠየቀችው እኮ! በሩን ከፈተችለት። ወርቅነህ ወደ መሬት አቀረቀረ።

«ምንም አልነበረም» አላት።

ሕንጻው ቆመ። ቆርቆሮው ተመታ፤ ቀለም ተቀባ። አልጋዎቹ እንኳ መጥተው ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን ያ ማዕዘን ሰመጠ። ግድግዳው ከመስኮቱ ሥር እስከ መሬት ተሰነጠቀ፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ። በሩ ተቆለፈ። ማንም እንዳይገባ ተባለ።

ፀዳለ ማዕዘኑን አስቆፈረችው። ውሃው እዚያው ነበር። ሠራተኞቹን ወደዚያ ሂዱ አለችና እሷና ሀንዲሶ ብቻ ቀሩ።

«መቼ ነው ያዩት?»

«ያኔ ሲቆፈር።»

«ታዲያ ስጠይቅዎት ለምን አልነገሩኝም?»

«የኔ ጥፋት ይመስልሻል ብዬ ፈራሁ።»

ተቆጥታ አልጮኸችም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

«ጋሽ ሀንዲሶ፣ ምንጩን እርስዎ አላፈለቁት! የፈረሙት ውል እኮ ይህን አስቀድሞ አስቦታል። ተቋራጩ ሊያውቀው የማይችል ነገር ከመሬት ሥር ከወጣ፣ ቶሎ ያሳውቅ ይላል። ቢያሳውቁኝ ንድፉን እቀይር ነበር፤ ጊዜ ይጨመርልዎት ነበር፤ ሸክሙን አሠሪው ይወስደው ነበር። ያን ቀን ከሻይ በኋላ ያስተማርኩት ይሄንኑ ነው።»

«አሁን ብናገርስ? ለሁሉም እናገራለሁ።»

«ይናገሩ፤ መናገሩ ደግ ነው። ግን ማሳወቂያው ጊዜ ነበረው፤ አለፈ። ያኔ የመሬቱ ችግር ነበር። አሁን ግን የእርስዎ ሆኗል» አለችው።

ሀንዲሶ ለከተማው አስተዳደር ሁሉንም ተናገረ። አንዲት ቃል አልደበቀም። ሕንጻው ግን ፈረሰ፤ የሥራ ፈቃዱም ተያዘ። በሚቀጥለው ሥልጠና ከፊት ወንበር ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ሊገነባ የሚችለው ነገር ሳይኖረው።

አንድ ማለዳ ሰዎች ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው በዚያ በፍርስራሹ በኩል ሲያልፉ አገኛቸው። ሴትዮዋ ታቃስታለች። ሀንዲሶ ማንም ሳይጠራው ሮጠ፤ ከደከመው ሰው ላይ የቃሬዛውን እጀታ ተቀብሎ በትከሻው አደረገ። እስከ ሆሳዕና አልለቀቀም። በሰላም ተገላገለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እሱ ግን የሆስፒታሉ አጥር ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እዚያው ሰፈሯ፣ ቤተሰቦቿ አጠገብ ልትወልድ ትችል ነበራ!

ወገኖቼ፣ ሀንዲሶን ምን ጣለው? ውሃው ነው? አይደለም። ውሃው ማንንም ያጋጥማል። እናንተስ ቤት ምን ብቅ አለ? ትዳራችሁ ውስጥ፣ ልጃችሁ ላይ፣ በልባችሁ ውስጥ ምን አያችሁና ድንጋይ ሞላችሁበት? «ደህና ናችሁ ወይ?» ስትባሉ ምን ብላችሁ መለሳችሁ?

እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ኪዳን የገባው ድካማችንን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አውቆ ነው። ደካሞች ስለሆንን፣ መጥተን የምንናገርበትን መንገድ እዚያው ኪዳኑ ውስጥ አኑሮልናል። እኛ ግን እስከ ሻይ ድረስ ሰምተን እንወጣለን። ጌታ የሚፈርድ ብቻ ይመስለናል፤ ሸክማችንን የሚቀበል መሆኑን ሳንሰማ እንቀራለን።

ይቅርታው ሁልጊዜ አለ። ይህን አልጠራጠርም። ነገር ግን ይቅር የተባለ ሰውም የፈረሰበትን ቤት ቆሞ ያያል፤ ያደገ ልጅ ተመልሶ ሕፃን አይሆንለትም፤ ያረፈች እናት ስልክ አታነሳለትም። ስለዚህ ነው የምለምናችሁ።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ገና መንገድ ላይ ሳላችሁ፣ ልትነግሩት የሚገባ አንድ ሰው አለ። ስሙ አሁን ወደ ልባችሁ መጥቷል። ያ ሰው ገና በሕይወት አለ። ሂዱና ንገሩት።