ሞራ የያዘው ሞተር

አንድ ጊዜ በአሮጌ የባቡር ጣቢያ ጓሮ ለምትኖር አህዪት የባሏ መርዶ ደረሳት። ጨው ሊጭን ቆላ እንደወረደ በዚያው ቀረ። ጎረቤቱ አብሯት አልቅሶ ሲበተን፣ የባሏን መጫወቻ ባቡር ከመደርደሪያ አወረደች። ከአያቱ የወረሰው ነው፤ የሎኮሞቲቩ ገላ ብረት፣ ሞተሩ በመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ። እሱ ሲያስኬደው ቤቱ በድምፁ ይሞላ ነበር። ያንን ድምፅ ብትሰማ ልቧ የሚያርፍ መሰላት። ማብሪያውን ስትጫነው ግን «እህ» ብሎ ቆመ።

«አንተም ሞትክብኝ?» ብላ እንደ አዲስ አለቀሰች።

በማግስቱ ቀበሮ ለቅሶ ልድረስ ብሎ መጣ። ሎኮሞቲቩን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ ሞተር ዛሬ እንደማይገኝ ያውቃል። አፉ ግን ሌላ ተናገረ።

«እመት አህዪት፣ እግዜር ያጽናሽ። ትናንት «ሞትክብኝ» ስትይው በደጅ ሳልፍ ሰማሁ፤ የዚህ ሞተር ተቃጥሏል። በአዲስ ልለውጥልሽ፤ እይው ሲያብለጨልጭ!» አለና ቀይ የፕላስቲክ ባቡር መሬት ላይ አኖረ።

«የሱ እጅ ያረፈበት ነው እኮ፣ ጋሼ ቀበሮ። እስቲ አንዴ ልሞክረው።»

ማብሪያውን ተጫነች። «እህ» አለ፤ ቆመ።

«አላልኩሽም? የሞተ ነገር ታቅፎ መኖር ለማን በጀ? ያለ ምስክር ውል አይጸናም ብዬ አያ ጅቦንም ይዤልሽ መጥቻለሁ።»

ጅብ ከደጅ ብቅ ሲል አህዪት ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«ውሰደው በቃ! ብቻ ቶሎ ሂዱልኝ።»

ጅብ ግን አፍንጫውን አነሳ። «ሞራ! ሞራ ሸተተኝ!»

እውነቱን ነው። ሟች መንገድ ሲወጣ ሞተሩ እንዳይዝግ ብሎ፣ ግራሶ ቢያጣ፣ የበግ ሞራ ቀብቶት ሄዶ ነበር። ሞራው በብርድ ረግቶ የሞተሩን ጥርሶች ቀፍድዶ ይዟል።

«ተው አያ ጅቦ፣ አንተ ምስክር ነህ!» አለ ቀበሮ።

«ምስክር አይበላም ያለው ማነው?»

ጅብ ሎኮሞቲቩን ገልብጦ ላሰ፣ ላሰ። የረጋው ሞራ ተጠርጎ ሲያልቅ፣ ማብሪያው እንደበራ ነበርና ሞተሩ «ዝዝዝ» ብሎ ተነሳና ምላሱን ነከሰው።

«ኧረ ሬሳው በላኝ!»

ሎኮሞቲቩን ድንጋይ ላይ ወርውሮ፣ ቀዩን ባቡር ረግጦ ፈረጠጠ። ቀዩ ብትንትኑ ወጣ። ብረቱ ግን አንዴ ተንከባሎ በእግሩ ቆመና መንገዱን ቀጠለ።

ቀበሮ ስብርባሪውን እያየ «እንግዲህ... ውላችን...» አለ።

«ምስክሩ ሸሸ እኮ፣ ጋሼ ቀበሮ። ያለ ምስክር ውል አይጸናም።»

ቀበሮ ጭራውን ቆልፎ ሲወጣ፣ አህዪት ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «አይ የኔ ጌታ፣ ሲቀባም እንደ ቸርነቱ!» አለች። ቤቱም እንደ ድሮው በድምፁ ሞላ።

ከዚህ የምንማረው ዝም ያለ ሁሉ እንዳልሞተ፣ ከፍተን ሳናይም በሰው ቃል የምንጥለው ነገር ሊኖር እንደማይገባ ነውና፣ እናንተም ጠንካራውን ለኛ አቆይተው ያለፉትን «ነፍስ ይማር» በሉልን።