ፀሐይ ያላመነችው ጥቁር

ደሴ ውስጥ፣ በተለይ ከሰኞ ገበያ በላይ ባሉት ልብስ ሰፊዎችና ማተሚያ ቤቶች ዘንድ፣ ሰው ዕቃ በመልኩ መርጦ ቤቱ ሲገባ ካዘነ፣ ጎረቤት ትከሻውን መታ አድርጎ የሚላት አንዲት አባባል አለች። ለጆሮ የጥንት ትመስላለች። ከአያት ቅድመ አያት የወረደች ናት ብለው የሚከራከሩላትም አይጠፉም። የተወለደችበትን ቤትና የተወለደችበትን ቀን የሚያውቁ ሰዎች ግን ዛሬም በሕይወት አሉ። ቤቱ የሙሂዲን ይመር ማተሚያ ቤት ነው።

ሙሂዲን በቲሸርትና በከረጢት ላይ ጽሑፍ ማተም ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። የታወቀው ግን በእጁ ሳይሆን በዓይኑ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ጥቁር ክር ከጥቁር ጨርቅ ጋር አልገጥም ሲላቸው እሱን ይጠሩታል። በሩ ላይ ወጣ ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን ይይዝና፣ «ይሄ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ይሄኛው ደግሞ ቀይ አለበት» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። «ሙሂዲን ዓይኑ» የሚል ቅጽል የወጣለትም ለዚህ ነው። እሱም ቅጽሉን አልጠላውም።

አንድ የሰኔ ማለዳ፣ መምህር እንግዳወርቅ የሚባሉ ሽማግሌ ደረጃውን በበትራቸው እየዳሰሱ ወደ ማተሚያ ቤቱ ገቡ። ገና በአራት ዓመታቸው ፈንጣጣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። ማየት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ክፍል ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በብብታቸው ይዘውት የመጡትን ትልቅ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

ካርታ ነበር። ድንበሩ በሲባጎ፣ ተራራው በምስር፣ ከተማው በአዝራር ተለጥፎ የተሠራ የኢትዮጵያ ካርታ።

«እስቲ ጣትህን ስጠኝ» አሉና የሙሂዲንን ጣት ይዘው በካርታው መካከል አሳለፉት። «ምን አገኘህ?»

«ምንም የለም መምህር። ለስላሳ ነው።»

«አባይ ነበር እኮ! ልጆቹ በየዓመቱ በጣታቸው ሲወርዱበት፣ ሲወርዱበት ሲባጎው አልቆ ሄደ። ያለን ካርታ ይሄ ብቻ ነው፤ ሃያ ሦስቱም ልጆች እየተራኮቱ በእሱ ነው የሚማሩት።» የሙሂዲንን ጣት ለቀቁና ቀጠሉ። «ሲሞቅ የሚያብጥ ቀለም አለ ይሉኛል። ወረቀት ላይ ይታተምና ካውያ ሲነካው ይነሳል አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ቲሸርት ላይ እንሠራበታለን።»

«እንግዲያው ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ካርታ አትምልኝ። ወንዞቹ በመስመር፣ ስማቸው በብሬል። ሰኔ ሠላሳ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ እኔም በዚያው ጡረታ እወጣለሁ። ልጆቹን ያለ አባይ ጥያቸው አልሄድም።»

ሙሂዲን «እሺ» ያለው ሳያስብ ነው። ያሰበችው ሚስቱ ሰዓዳ ናት። በኮምፒውተር ሥዕሉንና ጽሑፉን የምታዘጋጀው እሷ ነበረች።

መምህሩ ከሄዱ በኋላ፣ «ይሄ እንደ ሠርግ ቲሸርት አይደለም» አለችው። «የብሬል ነጥብ ከምስር ፍሬ ታንሳለች። አንዷ ከጎደለች ፊደሉ ሌላ ፊደል ይሆናል። አንተ በብሩሽ የምትሥለው ፊልም አይሆነንም። ፕሪንተር ያስፈልገናል።»

ሥራውን ለማያውቅ ነገሩ እንዲህ ነው። በእንጨት ፍሬም ላይ እንደ ወንፊት ያለ ስስ ጨርቅ ይወጠራል። ኢሙልሽን የሚሉት አረንጓዴ ቅባት ጨለማ ውስጥ ይቀባበታል። ይህ ቅባት ብርሃን ሲያገኝ ይጠነክራል። ሥዕሉ በጥቁር ቀለም የታተመበት ግልጽ ፕላስቲክ፣ ማለትም ፊልሙ፣ ላዩ ላይ ይደረግና ፀሐይ ይመታዋል። በጥቁሩ ጥላ ሥር ያለው ቅባት ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል፤ ውሃ ሲፈስበት ታጥቦ ይሄዳል። ቀለም የሚያልፈው በዚያ በተከፈተው በኩል ነው። እንግዲህ ሁሉም ነገር በፊልሙ ጥቁረት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በማግስቱ ባልና ሚስት ነስሩ ወደሚባል የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ ሄዱ። ነስሩ ቀለም የሚረጩ ሁለት ፕሪንተሮች ነበሩት። በሁለቱም በፕላስቲክ ላይ አንዳንድ አራት ማዕዘን አትሞ አሳያቸው። የአንደኛው ጥቁር እንደ ቁራ ላባ ያብረቀርቃል። የሌላኛው ወየብ ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ፀሐይ ላይ የከረመ ጃንጥላ የመሰለ ነበር።

«ሁለቱንም ቁራጭ እንውሰድና በፀሐይ እንሞክራቸው» አለች ሰዓዳ። «ነገ እንወስናለን።»

ሙሂዲን የሚያብረቀርቀውን ቁራጭ አንስቶ ወደ መንገዱ ብርሃን ያዘው። ከጀርባው ምንም አይታይም። ሳቀ።

«ነገን ምን አመጣው? ጥቁር ማለት ይሄ ነው! ያንን የወየበውን ለመሞከር ፀሐይ ማባከን ምን ይሉታል?»

«አንድ ቀን ነው እኮ።»

«ሰዓዳ፣ እኔ ጥቁር ሲጠፋብኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አይታ አታውቅም። ስለዚህ ገንዘቡን ቆጥራ ሰጠች። የሚያብረቀርቀውን ጥቁር የሚያትመውን ፕሪንተር ይዘው ተመለሱ።

የቀራቸው ኢሙልሽን ለሦስት ፍሬም ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የሚልክላቸው ሰውም አልቆበታል። ሙሂዲን ግን አልሰጋም። የመጀመሪያውን ፍሬም ቀባ፤ አደረቀ፤ በአዲሱ ፕሪንተር የታተመውን የካርታ ፊልም ላዩ ላይ አድርጎ ግቢው ውስጥ አወጣው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ለአፍታ ሲገለጥለት እንደወትሮው አራት ደቂቃ ፀሐይ አስመታው። ከዚያ ውሃ ለቀቀበት። ጠበቀ። ውሃው ወረደ፤ አንዲት ነጥብ አልተከፈተችም። በጣቱ ቢያሸው፣ በስፖንጅ ቢያሸው፣ አባይ እንደ ድንጋይ ደርቆ ቀረ።

«ፀሐዩ በዝቶበት ነው» አለና በማግስቱ ሁለተኛውን ሁለት ደቂቃ ብቻ አስመታው። ውሃው ገና ሲነካው ቅባቱ በሙሉ ተንሸራቶ ወረደ። ወንዙም፣ ድንበሩም፣ ከተማውም አረንጓዴ ውሃ ሆኖ ቦዩ ውስጥ ገባ። ሲረዝም ወንዙ አይከፈትም፤ ሲያጥር አገሩ በሙሉ ይታጠባል። ሙሂዲን ባዶውን ፍሬም ይዞ ቆመ። ቅባቱን ረገመ፤ ውሃውን ረገመ፤ የሰኔን ሰማይ ረገመ። ፊልሙን ግን አልጠረጠረም። በዓይኑ ያየውን እንዴት ይጠርጥር?

ሰኔ ሃያ ስድስት ቀን መምህር እንግዳወርቅ ሥራው የት እንደደረሰ ሊጠይቁ መጡ። ሙሂዲን ሊዋሻቸው አፉን ከፈተ፤ አልሆነለትም። ሁሉን ነገራቸው።

መምህሩ በጥሞና ሰሙትና፣ «ፊልሙ በደንብ ጥቁር ነው?» አሉት።

«እንደ ቁራ ነው መምህር! በዚህስ አይታማም።»

«ማን አየው?»

«እኔ ነኛ!»

«አንተ አየኸው። ፀሐይስ?»

ሙሂዲን ፊልሙን አንስቶ እንደገና ወደ በሩ ብርሃን ያዘው።

«እንዳትቀየመኝ» አሉ መምህሩ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው መካከል አቁመው። «ልጅ ሆኜ ሰው ሁሉ ‹ሰማዩ ተዘጋ፣ ፀሐይ የለችም› ሲል እኔን ግንባሬን ይሞቀኝ ነበር። ‹አለች እኮ!› ስላቸው ይስቁብኛል። እነሱ ዓይን ስላላቸው ደመናውን ያያሉ። እኔ ዓይን ስለሌለኝ ከደመናው ያለፈችውን አገኛታለሁ። የሰው ዓይን ተዘጋ ያለው ሁሉ ለእሷ አይዘጋም።»

ሰዓዳ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ምንም ሳትናገር ወጥታ ከጎረቤት ሱቅ አንዲት ትንሽ መብራት ይዛ ተመለሰች። ባለሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩባት፣ ወይን ጠጅ ብርሃን የምትሰጠው መብራት ነበረች። በሩን ዘጋች፤ መስኮቱን በጨርቅ ሸፈነች።

«ይቺ መብራት ከፀሐይ ጨረር አንዱን ትሰጣለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቅባቱን የሚያጠነክረውን» አለች። «ይቅርታ መምህር፣ የሸሚዝዎን እጅጌ ላስቸግርዎት።»

መብራቷን አበራች። በዱቄት ሳሙና የታጠበው የመምህሩ ነጭ እጅጌ ጨለማው ውስጥ እንደ ጨረቃ ቦግ አለ። ሰዓዳ ያንን ጥቁር ፊልም አነሳችና በእጅጌውና በመብራቷ መካከል አደረገችው። ሙሂዲን እጅጌው ሲጠፋ ለማየት ጎንበስ አለ።

እጅጌው አልጠፋም።

ቁራ የመሰለው ጥቁር ውስጥ ብርሃኑ ያልፋል። በአባይ ሥር ነጩ ጨርቅ ያበራል፤ በብሬሉ ነጥቦች ሥር ያበራል። ይህን ሁሉ ዓመት «ጥቁር» ብሎ የጠራው ነገር ፊቱ ላይ እንደ መስታወት ተከፍቶ ቆመ። እዚህ ቤት ውስጥ፣ በጠራራ ቀን፣ እሱ የማያየው ሌላ ቀን እንዳለ ሙሂዲን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀ።

«አላሁ አክበር!» አለ በሹክሹክታ።

«ምን ሆናችሁ? ንገሩኝ እንጂ!» አሉ መምህሩ።

«ጥቁሩ ጥቁር አይደለም መምህር» አለች ሰዓዳ። «ብርሃኑ ያልፍበታል። እጅዎ ከሥሩ እያበራ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን አላንቀሳቀሱም። የሚያበራ እጅ እንዳላቸው ሰምተው እንደ ሕፃን ፈገግ አሉ።

ባልና ሚስቱ መብራቷንና አንድ ነጭ ጨርቅ ይዘው ወደ ነስሩ ሮጡ። ነስሩ ሳቀባቸው። «ኧረ ሰዎች፣ ፕሪንተር እንጂ ብር አልሸጥኩላችሁም!» ሙሂዲን ከባንኮኒው ሥር ተንበረከከና እዚያው ተጥሎ የቆየውን ያንን የናቀውን የወየበ ቁራጭ ጨርቁ ላይ አድርጎ መብራቷን ለቀቀበት። ጨርቁ ጠፋ። ከቁራጩ ሥር የጉድጓድ ጨለማ ብቻ ቀረ። መብራቷን አጠፋ፤ ቡናማ ነው። አበራት፤ ሌሊት ነው። ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ነስሩም ሳቁን ትቶ አጠገቡ ተንበረከከ።

«ቀይርልኝ» አለው ሙሂዲን። «የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የመምህር እንግዳወርቅ ካርታ ነው።»

«እህቴን ያስተማሯት መምህር?» ነስሩ ተነስቶ ያንን ፕሪንተር ከነቀለሙ ከመደርደሪያው አወረደ። «ምን ትጠይቀኛለህ ታዲያ? ውሰደው!»

ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ፊልሙን በተቀየረው ፕሪንተር እንደገና አትመው የመጨረሻውን ፍሬም ቀቡ። ጦሳ ሙሉ በሙሉ ጉም ውስጥ ገብቷል። መምህሩም መጥተው ሦስቱም ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁ፤ ሙሂዲን ፍሬሙን ከነፊልሙ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ እንደ ጨቅላ ታቅፎታል። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ። ሰዓዳ ሰማዩን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

መምህር እንግዳወርቅ ግን ድንገት ፊታቸውን ቀና አደረጉ። «ተዘጋጅ» አሉ። «እየመጣች ነው።»

ሙሂዲን ወደ ሰማይ ቢያይ ጉም ብቻ ነው። ሊከራከር ፈለገ፤ ከዚያ ዓይኑን ተወና እሳቸውን አመነ። ጨርቁን ገለጠ። እጁን ሳያነሳ ጉሙ ተቀደደ፤ ፀሐይዋም ግቢውን ሞላችው። አራት ደቂቃ። ከዚያ ጉሙ ተመልሶ ተዘጋ።

ሙሂዲን ውሃ ለቀቀበት። መጀመሪያ ምንም አልታየም። ቀጥሎ ከጣና ጫፍ አንዲት ክር የምታህል ነጭ መስመር ብቅ አለች። መስመሯ ወረደች፤ ዞረች፤ አባይ ሆነች። በሽሎ ከምሥራቅ መጥቶ ገባበት። ጀማ ገባበት፣ ሙገር ገባበት፣ ዴዴሳ ገባበት። ማንም ሳይነካቸው፣ አንድ በአንድ፣ ከአረንጓዴው ውስጥ ወንዞቹ ተከፈቱ። ከዚያ ነጥቦቹ እንደ ከዋክብት ወጡ፤ አንዷም አልጎደለችም። ሰዓዳ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። ሙሂዲን የውሃውን ቱቦ ዘጋ። ሥራው የእሱ እንዳልሆነ፣ እሱ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ብቻ እንደነበረ ተሰማው።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ወረቀት ታተመ። ካውያው ሲነካው ቀለሙ ከወረቀቱ ላይ አብጦ ተነሳ። ለመምህሩ ሰጧቸው። ጣታቸውን አሳረፉና ቀስ ብለው ወረዱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «በ... ሽ... ሎ» አሉ። «ጀማ።» ቀጠሉ። ድንበሩ ጋ ደርሰው ቆሙ፤ ፊታቸው በእንባ ርሷል። «ሁሉም አለ» አሉ። «ሃያ ሦስት አድርገህ አትምልኝ። አይ፣ ሃያ አራት። አንዱ የእኔ ነው።»

ነስሩም ካርታውን ሊያይ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሙሂዲን ያንን የመጀመሪያውን ፊልም ከጥግ አነሳና ወደ መስኮቱ ያዘው። አሁንም እንደ ቁራ ያብረቀርቃል፤ አሁንም ከጀርባው ምንም አይታይም።

«መምህር፣ ይኸው ዛሬም ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየኝ» አለ። «ዓይኔን ምን ነካው?»

መምህር እንግዳወርቅ ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሱ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩና፣ ነስሩ በኋላ ለገበያው ሁሉ እያወራ ያዳረሳትን ቃል በዝግታ ተናገሩ፦ «ዓይንህስ ደህና ነው ልጄ፤ ለዓይን የጠቆረ ለፀሐይ መስኮት ነበረ።»