የተወለወለው ብርጭቆ

በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰች አንዲት ልብስ አጣቢ በወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ ለመሠልጠን አመለከተች። ፈታኙ ዶክተር ልባኖስ ማመልከቻዋን አይተው ሣቁ።

«እኔ ለዚህ ሙያ አሥር ዓመት ውጭ አገር ተምሬያለሁ። አንቺ ከሳሙና ሌላ ምን ታውቂያለሽ?»

«እድፍ አውቃለሁ፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ ከታሸገ ከረጢት ውስጥ አንድ ብርጭቆ በባዶ እጃቸው አወጡ። አቧራውን በመሐረባቸው ወለወሉና ፊቷ አስቀመጡት።

«በዚህ ብርጭቆ ሰው ተመርዞ ሞቷል። መርዙን የሰጠው እጅ የማን እንደሆነ ከብርጭቆው ላይ ካገኘሽ ትገቢያለሽ፤ ካላገኘሽ ወደ ሳፋሽ ትመለሻለሽ።»

ሴትዮዋ ብርጭቆውን ሳትነካ ጎንበስ ብላ አየችው።

«የገዳዩን አሻራ እርስዎ ጠርገውታል፤ እኔም ብሆን ከዚህ በላይ አላጠራም። አሁን ያለበት የእርስዎ እጅ ብቻ ነውና፣ እኔን ከመመለስዎ በፊት ጠበቃ ያቁሙ።»